ጺም ያበቀለው ግንድ

የጫካውን ጠባቂ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጠራጊው» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ጫካውን እንደ ሳሎን ያጸዳዋል። የረገፈ ቅርንጫፍ ይለቅማል፣ የወደቀ ዛፍ ይፈልጣል፣ ፍልጡን መንገድ ዳር ከምሮ ለሚስቱ ወንድም፣ ለዳቦ ጋጋሪው ይሰጣል። ሚስቱ «ቤት ውስጥ መጥረጊያ ሳይነካ ጫካ የሚጠርግ ባል ሰጠኝ» እያለች ታማዋለች፤ እሱ ግን ሐሜቱን እንደ ምርቃት ነው የሚቀበለው። ሌላ ጫካ ውስጥ ሰው የበሰበሰ ግንድ እያደናቀፈው ይሄዳል፤ በእሱ ጫካ ግን በነጭ ጫማ ሽር ማለት ይቻላል።

ዝናቡ ባበቃ ሰሞን የእህቱ ልጅ መጣች። ሥራዋ እንጉዳይ ማጥናት ነው። የምትፈልገው ባርኔጣም እግርም የሌለውን፣ እንደ ሽማግሌ ጺም ነጭ ሆኖ የሚንዠረገገውን ዓይነት ነበር። ጠራጊው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ልጅ ሳለ በየወደቀው ዛፍ ላይ ያየው ነበርና በልበ ሙሉነት ይዟት ዞረ። ወንዙ ዳር የለም። ገደሉ ሥር የለም። ከሰዓት ላይ ጭንቅላቱን ማከክ ጀመረ፤ ሌባ ወስዶት ይሆናል ብሎም እንጉዳይ ለቃሚዎችን ጠረጠረ።

ለቃሚዎቹም ከደሙ ንጹሕ እንዳልሆኑ ነገረችው፤ ዘሩን ሳይረጭ እየቆረጡ ይወስዱታል። ያረጁ ዛፎች እየተጨፈጨፉ ማለቃቸውም ጎድቶታል። ዋናው ነገር ግን ምግቡ ነው። ጺሙ የሚበላው ሞቶ የወደቀ፣ ለዓመታት ተጋድሞ የሚበሰብስ ግንድ ነው።

ጠራጊው ዙሪያውን ተመለከተ። ጫካው ጥርት ብሏል።

«እኔ ነኛ ያስራብኩት።»

«አዎ አጎቴ» አለች፤ እውነቱን ልትሸፍንለት አልፈለገችም። «ግን በፍቅር ነው ያስራብከው።»

ወዲያው አንድ ግንድ ትዝ አለው። ከወንዙ ማዶ የተጋደመ፣ መጥረቢያውን ሁለቴ የሰበረበት ወፍራም ግንድ ነበር። ቢያቅተው ጊዜ፣ በሞተር መጋዝ እንዲቆርጠው ለዳቦ ጋጋሪው ነግሮት ነበር። ያውም ለዛሬ። ይህን ለልጅቱ ነግሮ ሳይጨርስ ከማዶ መጋዙ ሲያጓራ ተሰማ።

በዕድሜው ሮጦ በማያውቀው ፍጥነት ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ ግንዱ ላይ ዘፍ አለ። ጋጋሪው ደንግጦ መጋዙን አጠፋ።

«አማቼ፣ ምን ነካህ? ና ውሰድልኝ ብለህ በሬን ስታንኳኳ ከርመህ!»

«ሐሳቤን ለውጫለሁ። ከቆረጥክ ከእኔ ጀምር።»

«አንተማ ደረቅ ስለሆንክ ጥሩ ትነድ ነበር። እህቴን ፈርቼ ነው እንጂ።»

ልጅቱ ደርሳ ተንበረከከችና ከግንዱ ሆድ ሥር ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። ቡጢ የምታህል ነጭ ጺም ተንጠልጥላለች። ከዱቄት የረቀቀ ዘር እንደምትረጭ፣ በዚህ ጫካ የቀረችው እሷ ብቻ ሳትሆን እንደማትቀር አስረዳቻቸው። ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ አያት፤ ፊቱ ፈታ አለ። ቢሆንም ምድጃው ነገ ምን ሊበላ ነው ሲል ጠየቀ። ጠራጊው መንገድ ዳር የከመረውን ፍልጥ በሙሉ ሰጠው፤ ለወደፊቱ ግን በራሱ የወደቀ ዛፍ እንዳይጠብቅ፣ ጫካው ዳር ሰው ከተከላቸው ዛፎች የሚመለመለው ቅርንጫፍ እንደሚበቃው አስታወቀው። ጋጋሪው ትንሽ አጉረመረመና ተስማማ።

መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊሄድ ሲል ዞር አለ።

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ይበላል?»

ጠራጊው በልጅነቱ በቅቤ ጠብሶ ጣቱን እየላሰ በልቶታል። ውሸት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኧረ በጭራሽ» አለ ኮስተር ብሎ። «እሬት ነው።»

የእህቱ ልጅ ሳቋ እንዳያመልጣት ጀርባዋን ሰጥታ ወንዙን ማየት ጀመረች።