«አልቋል» ማለት ምን ማለት ነው?

የሰፈሩ ልጆች እትዬ ቀስታ ይሏታል። የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ናት፤ ስትጣደፍ ያያት ሰው የለም። ከኋላ ጡሩምባ የሚያንባርቅባት ካለ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «እለፍ አባቴ፣ ቅደም! እኔ የሰው ልጅ ነው የጫንኩት» ትላለች።

ፍሬኑ ሲጢጥ ማለት የጀመረ ቀን፣ «መኪናውን የሸጠልኝ ድርጅት እያለ መንደር ለመንደር ምን አንከራተተኝ!» ብላ ወደዚያው ወሰደችው። የእንግዳ መቀበያው ወለል ፊት ያሳያል፤ ወንበሩ ሰውን ይውጣል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «አረፍ ይበሉ እናቴ» አለቻትና፣ ቆየት ብላ በመስኮቱ ወደ ጋራዡ ተጣራች።

«የነጯ መኪና ፍሬን እንዴት ሆነ?»

«አልቋል!» አለ መካኒኩ ከመኪናው ሥር።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ቁልፉን አቀበለቻት። «አልቋል እናቴ፤ ይውሰዷት።» መኪናዋ ታጥባ ቁልጭ ብላለች። መቼም ሰው የታጠበ ሲያይ የተሠራ ይመስለዋል።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ሞልታ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጠች። ብረት ከብረት ተፋጨ፤ መኪናዋ ግን ማን ሊቆምላት! ደግማ ረገጠች። ከታች ሰው መንገድ ይሻገራል። «የፈጣሪ ያለህ! ያዙ ልጆች፣ አጥብቃችሁ ያዙ!» ማርሽ ቀነሰች፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተተች፣ መሪውን ጠምዝዛ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ሰካቻት። ልጆቹ ባንድ አፍ ጮኹ፤ ትንሿ ብቻ «እንደገና!» ብላ አጨበጨበች። እትዬ ቀስታ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ጭረት እንኳ አላገኛቸውም፤ እሷ ግን እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

ልጆቹን በእግር አድርሳ፣ መኪናዋን አስጎትታ ድርጅቱ ደረሰች። «ምን አድርጌያችሁ ነው? ልትፈጁኝ ነው እንዴ?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «እኔማ ትናንት ተናግሬያለሁ! የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ተበልቶ ብረቱ ቀርቷል፣ ይቀየር ማለቴ ነው።»

ልጅቷ ክው አለች። «እኔ እኮ ሥራው አልቋል ያልከኝ መስሎኝ ነው!»

እትዬ ቀስታ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። በአንዲት ቃል! ያን ሁሉ የእናት ልጅ በአንዲት ቃል! ወይ ጉድ፣ ሰው ምኑ አለቀ ብሎ አይጠይቅም?

ኃላፊው ክራባቱን እያስተካከለ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሁኑኑ፣ በልዩ ጥንቃቄ ይሠራል አለ። እሷም መኪናዋ ወደ ጋራዡ ስትገፋ እያየች ጠበቀች። ያመጡላትን ውሃ አልቀመሰችም።

ከጊዜ በኋላ መካኒኩ ከጋራዡ «አልቋል!» ሲል ተሰማ፤ ልጅቷም ቁልፉን ይዛ መጣች። «አልቋል እናቴ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ደግ» አለች እትዬ ቀስታ። «እንግዲያው ነይ፣ አንቺም ከፊት ግቢ። ቁልቁለቱን አብረን እንወርዳለን።»

ልጅቷ ተከትላት ጋራዡ ገባች። የመኪናዋን በር ከፈተች፤ አንድ እግሯን አስገባች፤ ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። ዞር ብላ ጮኸች፦

«ስማ! ምኑ ነው ያለቀው?»

«የግራው!» አለ መካኒኩ ከወዲያ ጥግ። «ለቀኙ ሸራ ከመጋዘን እስኪመጣልኝ እየጠበቅኩ ነው።»

ልጅቷ እግሯን ቀስ ብላ አወጣች።

«አየሽ ልጄ» አለች እትዬ ቀስታ፣ «አንቺ ልትገቢ ስትይ ጠየቅሽ።»