የደብረ ብርሃን ውርጭ የዳኘው ጨረታ

የግዥ ሹሙ አፍንጫቸውን ባና ውስጥ ቀብረው ሲያሸቱ አየኋቸው... ሆዴ ወዲያው ጠረጠረ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ወሩ ኅዳር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንድ የመንግሥት ሐኪም ቤት ለበሽተኞች ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ባና የሚያቀርበው ሰው በጨረታ ይለይ ነበር። ድሮ ድሮ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የሹሙ አማች ነው። ያን ዓመት ግን አዲስ ደንብ መጣ ተባለ... ናሙናው ስም ሳይኖርበት ይቀርባል፣ ዳኞቹም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይመርጣሉ።

እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ በሬዬን ሸጥኩና ከጣርማ በር ጠጉር ገዝቼ ሸመንኩ። ጨረታው ካመለጠኝ የማርስበት የለኝም።

ሚስቴ ግን «ደንቡ አዲስ፣ ሹሙ አሮጌ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በጨረታው ቀን፣ ሹሙ ሲያሸቱ አይቼ ጠጋ ብዬ ሳሸት ከቀረቡት ሁለት ባናዎች አንደኛው ወይራ ወይራ ይላል። አማቹ ሹሙ እንዲለዩለት አጥኖ ነው ያመጣው... ስም ባይጻፍበትስ፣ አፍንጫ የት ሄዶ።

«ጌታዬ፣ ባና በማሽተት ነው እንዴ የሚመረጠው?» አልኳቸው።

«ንጽሕናውን እያየሁ ነው» አሉ ኮስተር ብለው።

«እንግዲያው የብርድ ልብስ በብርድ ይፈተን። ነገ ጎሕ ሲቀድ እርስዎም አለቃም አንዳንዱን ደርባችሁ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ።»

አለቃ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ ሁለተኛው ዳኛ። «ደግ ብሏል» ሲሉ ሹሙ እምቢ ለማለት አፈሩ።

በማግስቱ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ሹሙ ማንንም ሳይጠይቁ ወይራ የሚሸተውን አንስተው ተከናነቡ። የኔው ለአለቃ ደረሰ። አለቃ ዳዊታቸውን ቀስ ብለው ይደግማሉ። ሹሙ ግን ብዙም ሳይቆዩ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ጀመር። አማቹ ከበሩ ሥር ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል።

«አለቃ... እስቲ ያንን ያቀብሉኝ» አሉ ሹሙ በመጨረሻ።

«የማን እንደሆነ ሳያውቁ?»

«የማንም ይሁን። ይሄ ወንፊት ነው፣ ገደለኝ እኮ።»

እንዲህ ሆኖ ጨረታው ለኔ ወጣ፣ በሬም ገዛሁበት። አማቹ ግን ባገኘኝ ቁጥር «ሹሙን ምን አቅምሰህ ነው?» ይለኝ ነበር። ይጠርጥር፣ ግድ የለኝም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው... ያን ሌሊት ደመና ሆኖ ውርጩ ባይጥል ኖሮስ?