ሽጉጥ ታጥቆ ሽምግልና

እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ደምበጫ አጠገብ ያለ አንድ ቤት ደጃፍ ሦስት ሆነን ቆመናል። ለታናሽ ወንድሜ ለደሳለኝ ሚስት ልንጠይቅ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ እንደ አባት ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከፊት የንስሐ አባታችን ቄሱ፣ ከኋላ የእህቴ ባል ይርጋ። ይርጋ ግን ብቻውን አልመጣም... ሽጉጡን ይዞ ነው የመጣው።

(ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። «ማን ጻፈልህ?» የሚል ካለ መጥቶ ይፈትነኝ፤ የእሱንም ስህተት አርሜ እሸኘዋለሁ።)

ይርጋ ዕድሜውን ሙሉ ከዱላ ሌላ ይዞ አያውቅም። የመሣሪያ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ግን አረማመዱ ሳይቀር ሰፋ። ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ትልቅና ትንሽ ሽጉጥ አስቀመጠና እውነቱን ነገረው።

«ሁለቱም አንዴ ከተኮሱ በራሳቸው የሚያቀባብሉ ናቸው። ልዩነታቸው ቁመታቸው ነው። ትልቁ ለወገብ አይመችም፤ ትንሹን ውሰድ።»

«ትንሹን ለሚስቴ ስገዛ እወስደዋለሁ» አለና ትልቁን አነሳ። ወንድነት በኪሎ የሚመዘን ይመስል። ወገብ ላይ የሚታሰር የሽጉጥ ማህደር ግዛ ሲባል ደግሞ «ማህደር የፈሪ ነው፣ ቶሎ አያስመዝዝም» ብሎ ሱሪው ውስጥ ሻጠው። ማን ላይ ሊመዘው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እኔ የማውቀው የይርጋ ጠላት የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽጉጡን ታጠቀ አልልም... ሽጉጡ ነው ይርጋን የታጠቀው። ጠጅ ቤት ገብቶ በየደቂቃው ኮቱን ይገልጣል። ሞቆት ነው እንዳንል የከተማችንን የደብረ ማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ።

የሽምግልናው ዕለት ከደምበጫ ባጃጅ ስንይዝ እንደ ሰው መቀመጥ አቃተው። በአንድ ጎኑ ተጋድሞ ቄሱ ላይ ተኛባቸው።

«አሞሃል እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ደህና ነኝ አባ።»

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ለሚስት ጥያቄ ሽጉጥ ምን ይሠራል? ጠለፋ ነው እንዴ የምንሄደው?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ፊደል ቆጠርኩ ብለህ ሁሉን አወቅህ። ወንድ ልጅ በባዶ ወገቡ ሰው ቤት አይሄድም።»

 ከሽጉጥ ጋር ክርክር ምን ያደርጋል።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ቢባልም «ጉዳይ አለን» ብሎ ይቆማል። የልጅቱ አባት እሺ ሲሉ ያን ጊዜ ይቀመጣል። ተቀመጠ ማለት አለቀ ማለት ነው። የልጅቱ አባት ጋሽ ውበቱ ከዚህ በፊት «ዘመድ ላማክር» ብለው አንዴ መልሰውናል። ሌላም ጠያቂ እንዳለ ሰምተናል። ዛሬ ከመለሱን ልጅቱ አመለጠች፤ ደሳለኝ እህል አልቀምስ ካለ ሰንብቷል።

ገባን። ቆምን። ቄሱ ጉዳዩን አሳምረው ተናገሩ። ጋሽ ውበቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉና...

«ይሁን። ልጄን ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

ቄሱ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ፣ ደስታዬ ፊቴ ላይ ሞላ። ይርጋ ቆሟል።

«አንተስ? ተቀመጥ እንጂ።»

«እዚሁ ይበቃኛል ጋሼ።»

 እሺ ከተባለ በኋላ የሚቆም ሽማግሌ ገና የሚጠይቀው አለ ማለት ነው።

«ምን ቀራችሁ? ልጄን ሰጠኋችሁ። በሬዎቼንም ልጨምር?»

«ኧረ የለም ጋሼ... ወገቤን ትንሽ...»

«ወይስ መደቤን ንቀኸው ነው?»

ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። የወንድሜ ትዳር ይርጋ ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። ኮቱን ይዤ ቁልቁል ጎተትኩት። «ተቀመጥ አንተ!»

ተቀመጠ። ሽጉጡ ግን አብሮት አልተቀመጠም... በሱሪው ውስጥ ለውስጥ ወረደ፣ ጉልበቱ ጋ ትንሽ አረፍ አለ፣ ከዚያ በቁርጭምጭሚቱ በኩል ወጥቶ ጋሽ ውበቱ እግር ሥር ዱብ!

ቄሱ አማተቡ።  መሣሪያ ሸሽጎ ሰው ቤት የሚገባ ደም ያለበት ሰው ነው። ጋሽ ውበቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የራሳቸውን ጠመንጃ አዩ፣ ሽጉጡን አዩ፣ ይርጋን አዩ።

«እምቢ ብል ልትተኩስብኝ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ ጋሼ! ኧረ በማርያም! እኔ አንድም ቀን ተኩሼበት አላውቅም!»

የጋሽ ውበቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንዴት መስሎኝ ልነሳ ስል... ለካ ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አልተኮስክበት፣ አልተቀመጥክበት... ታዲያ ለምን ገዛኸው? በል ጥይቱን አውጣ።»

ይርጋ ገለበጠው፣ አገላበጠው። የጥይቱ ካዝና በየት በኩል እንደሚወጣ ጠፋው። ጋሽ ውበቱ ተቀበሉትና ራሳቸው አወጡት። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቀለሉት፣ ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«የሰርጉ ዕለት ትወስደዋለህ። እስከዚያ እንደ ሰው መቀመጥ ተለማመድ።»

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ይርጋ ግን ጠዋት ጠዋት ይደውልልኛል... «ጾሙ ሳይገባ ብናደርገውስ? ልጆቹ እኮ በጣም ይዋደዳሉ!»

ሚስት የሚያገባው ወንድሜ፣ ቀን የሚቆጥረው ይርጋ።