በቀዳዳ የተነበበ ወረቀት

የያዙኝ የአንዲት ልብስ ሰፊ ዓይን ስለካ ነው። አሰላ ገበያው አጠገብ ትንሽ የመነጽር ሱቅ ነበረችኝ። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው የመለኪያ መስታወቶቼን ሣጥን በጫማው ገፋ አድርጎ፣ «ለጭሰኞቹ አቤቱታ የጻፍከው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ይዘውኝ ሲወጡ ሴትዮዋ አንድ ዓይኗን በመዳፏ እንደሸፈነች ቀረች።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ የጭላሎ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። አቤቱታ ከጻፍኩላቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። በሲሬ በኩል፣ ከአባታቸው ጀምሮ ባረሱት መሬት ላይ ባለርስቱ ትራክተር ሲያስገባ ከጎጆዬ አልወጣም ብለው ነው የታሰሩት።

«በእኔ ጦስ ገባህ፣ ልጄ» አሉኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ኦቦ።»

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ «እስቲ ዓይኔን እይልኝ» አሉ። በወጣትነታቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳሉ ፊደል ቆጥረዋል፤ አሁን ግን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመስባቸዋል። መሣሪያ አልነበረኝም። ከሲጋራ ፓኮ ላይ ካርቶን ቆረጥኩና መሐሉን በመጥረጊያ ስንጥር ወጋሁት። የደበዘዘ ነገር በጠባብ ቀዳዳ ሲታይ ከጠራ፣ መነጽር ያቃናዋል፤ ካልጠራ ሕመሙ ሌላ ነው። ይህን የተማርኩት አዲስ አበባ መነጽር ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው።

ለመናፈስ ስንወጣ ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው። ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ያዝኩላቸው። ካርቶኑን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ዝ… ና… ብ» አሉና ሳቁ።

«ይህቺ የዕድሜ ናት። መነጽር ያቃናታል።»

«ግራዋስ?»

ግራዋን ስንዴ ሲወቁ ገለባ ወግቷታል። ሞከርናት፤ ምንም አላየችም። ያን ዕለት ተራ መስታወት እንኳ ቢጋርዳት ኖሮ ትተርፍ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። «እሷን መነጽር አይመልሳትም፣ ኦቦ» ብቻ አልኩ።

«እሺ» አሉ።

ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አስወጥቶ ሽማግሌውን ጠራቸው። እኛ ሌሎቹ እስረኞች ግድግዳው ሥር ተደርድረናል። የተጻፈ ወረቀትና የጣት ቀለም ፊታቸው አኖረ።

«በሰላም ወደ ቤቴ እገባለሁ ነው የሚለው። አሻራህን አድርግና ዛሬውኑ ልጆችህ ጋ ሂድ።»

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ሥር ካርቶኑን አወጡ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀሙት። መቶ አለቃው መጀመሪያ ሳቀ። ንባቡ ሲረዝም መሳቁን ተወ።

«መሬቱን በፈቃዴ ለቀቅሁ ይላል። መነጽር ሠሪው አሳስቶኝ ከሰስኩ ይላል» አሉ። «ጌታዬ፣ ይሄ የእኔ ቃል አይደለም።»

አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ጨበጡ።

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም። በማግስቱ በመኪና ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው። እኔን ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ሱቄን እንደከፈትኩ ለቀኝ ዓይናቸው የሚሆን መነጽር ሠርቼ ሲሬ ወረድኩ። ልጃቸው ከዘመድ ቤት ወጥታ ተቀበለችኝ።

«አባቴ ክረምቱን አላለፈም» አለች። «እዚያው በተስቦ ሞተ።»

ከዚያም «ወረቀት አልፈርምም አለ ይላሉ። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው።»

«ማን አነበበለት?»

«ራሳቸው ናቸው ያነበቡት።»

ደግሜ እንድነግራት ለመነችኝ። ደግሜ ነገርኳት።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። መነጽር ያደረግሁለት ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሲያነብ ዛሬም ደስ ይለኛል። ያን ካርቶን ባልወጋው ኖሮ ግን ሽማግሌው ፈርመው በዚያው ቀን ልጆቻቸው ጋ ይገቡ ነበር፤ እስር ቤት የምቀረው እኔ ነበርኩ። ለልጃቸው ይህን አልነገርኳትም።