የሰማንያ ስምንቱ ሯጭ

ከባሕር ዳር ልወጣ በነበረበት ምሽት፣ ዓባይ ማዶ ባለው ቤታችን ውስጥ ኮሪያን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ መጥቶ እኔን ትቶ ስለ ኮሪያ ያስረዳኝ ጀመር። አንዳቸውም አገሩን አልረገጡትም፤ ሁሉም በትርጉም ፊልም አይተውታል። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ሞላ «እዚያ ቀይ መብራት የሚሉት ነገር የለም፤ ሁሉም እየበረረ ነው የሚነዳ» አለኝ። ከመሸንቲ የመጣችው አክስቴ ደግሞ ክንዴን ይዛ «ሲቆጡ ዘለው ነው የሚመቱ፤ አደራህን አትጣላቸው» አለችኝ። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን «አንተ ብቻ የኮሪያ ዘማቾቻችንን ስም ጥራላቸው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተሸክመው ነው የሚያስገቡህ» አሉ። ይኸው አራተኛ ዓመቴን ያዝሁ፣ እስካሁን የተሸከመኝ የለም።

እናቴ ስለ ኮሪያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። መቀስ ይዛ በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝና ፀጉሬን ከሥሩ አነሳችው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ናት። ፀጉሬ ትንሽ ካጎፈረ ቍርጥ አባቴን እመስላለሁ፤ እሷ ደግሞ ያንን ማየት አትችልም። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሰማንያ ስምንት፣ እኔ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ ጭነት ይዞ በመተማ በኩል ሱዳን ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፣ አለ ብሎ ያበሠረንም የለም። እናቴ ከል አልለበሰችም፣ ተዝካሩንም አላወጣችም። ዘመድ ሲጨቀጭቃት «ሬሳውን ሳላይ አልቀብረውም» ትላለች። ያን ምሽት ከአንገቴ ላይ የተቆረጠውን ፀጉር እያራገፈች «እንግዲህ አንተም መንገደኛ ሆንህ፤ አንተ ግን ደውል» አለችኝ።

በምን ዓይነት ቪዛ እንደገባሁ ልለፈው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማልዘልለው የኢሚግሬሽኑን ቃለ መጠይቅ ነው። ጠያቂው ሹም ፊቱ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ በስልክ።

«አባትህ አገሩን የለቀቀው መቼ ነው?»

«በሰማንያ ስምንት።»

አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ወርውሮ አሳለፈው። ሹሙ ፓስፖርቴን አገላበጠ።

«አንተ የተወለድህ በዘጠና አራት ነው ይላል። አባትህ ከሄደ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው የተወለድህ?»

«አይደለም ጌታዬ። የእኛ ዓመት ሌላ ነው። የእኛ ሰማንያ ስምንት የእናንተ ዘጠና ስድስት ነው።»

«ለምን?»

ለምን! ይህን ዘጌ ገዳም ገብቶ ሊቃውንቱን ይጠይቅ እንጂ እኔን ምን ይለኛል። «እናንተ ቀድማችሁ ነው እንጂ እኛ አልዘገየንም» አልሁት። አሥራ ሦስት ወር እንዳለንም ጨመርሁለት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«አሥራ ሦስተኛው ወር ስንት ቀን ነው?»

«አምስት። አንዳንዴ ስድስት።»

«ደመወዝ ይከፈልበታል?»

«አይከፈልበትም።»

ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለ። ከተናገርሁት ሁሉ የገባው ይኼ ብቻ ይመስለኛል።

ሥራ ያገኘሁት ከከተማ ወጣ ባለ፣ አሮጌ መኪና በሚፈታታበት ግቢ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ሳጃንግ እንለዋለን፤ አለቃ ማለት ነው። ከእሱ አፍ ከ«ፓሊ ፓሊ» በቀር ሌላ ቃል አይወጣም፤ ቶሎ ቶሎ ማለቱ ነው። ክረምታቸው የሰው አጥንት ይቆጥራል፤ ጣና ዳር በኅዳር ብርድ ያማረርሁበትን አፌን ዛሬ ብቆርጠው ደስ ይለኛል። የቤት አከራዬ አሮጊት ሽሮ በሠራሁ ቁጥር በሩን እየደበደበች «ይሸታል!» ትላለች። እሷ ግን ጓሮዋ ውስጥ የበሰበሰ አኩሪ አተር በጋን አስቀምጣ ክረምት ከበጋ ያንን ትቀቅላለች። አንድ ቀን ጨክኜ «የእርስዎስ?» ብላት «የእኔ ባህል ነው» አለችኝ። አሣውንም ጥሬውን ይበሉታል። በዘይት የተጠበሰ የጣና ቀረሶ አሣ እየበላ ያደገ ሰው፣ ገና ዓይኑ የሚያይ አሣ ፊቱ ሲቀርብለት ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግራችሁም።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። አስተያየታችሁን በቴሌግራም ስታዥጎደጉዱበት ወደከረማችሁት፣ ወደዚያ የመኪና ማሳደድ ፊልም።

ፊልም ሠሪዎቹ ወደ ግቢያችን የመጡት ለአሮጌዎቹ መኪኖች ብለው ነው። ታሪኩ በድሮ ዘመን ስለ ኖሩ ሁለት የእጅ ሰዓት አሻጋሪ ኮንትሮባንዲስቶች ስለ ነበረ የዘመኑን መኪና ፈለጉ። እናንተ «በራሪዋ» ያላችኋትን ቀይ መኪና በገመድ ጎትቼ ከጭቃ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ወለሏ በዝገት ተበልቶ እግሬ መሬት ይነካ ነበር። ቀለም ቀቧት፣ የሌላ መኪና ሞተር ገጠሙላት፣ ከዚያ እናንተ አጨበጨባችሁ።

ከሠሪዎቹ አንዱ እኔን ሲያይ ቆመ። እዚያ አገር ያሉት ፀጉር ቆራጮች የእኔን ፀጉር ሲያዩ መቀሱን ይዘው ስለሚጨነቁ፣ ትቼው አጎፍሬ ነበር። በወደቡ ትዕይንት ላይ ከመርከብ የሚወርዱ የባሕር ማዶ መርከበኞች ያስፈልጉ ኖሮ፣ ጎፈሬዬ ለዘመኑ ልክ ነው ተባለ። ኮሌታው ሰፊ ሸሚዝ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ አለበሱኝ። ከረጢት አሸከሙኝና፣ መኪናዋ ከኋላ ስትመጣ ሩጥ አሉኝ። ሮጥሁ።

«አልፈራህም» አለ ዳይሬክተሩ።

«ፈርቻለሁ» አልሁ፤ እውነቴን ነው፣ ፍሬኑን የገጠምሁት እኔ ነኛ።

ደግሜ ሮጥሁ። «አሁን ደግሞ በዛ» አለ፤ «ያን ያህል አትፍራ፤ ዋናው ተዋናይ አይደለህም።»

ለካ ፍርሃትም በማዕረግ ነው። ጀንበር እስክትጠልቅ አሯሯጡኝና፣ በመጨረሻ ፊልሙ ውስጥ የገባው ወደ ኋላ ዞሬ መኪናዋን ያየሁባት ቅጽበት ናት። ፊቴ ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል። አማርኛ የሚናገር ሰው ፊልሙን ባየ ቁጥር «ይኼ ሐበሻ ነው!» ማለቱ አይቀርም።

ፊልሙ ሲወጣ ሳጃንግ ሲኒማ ቤት ወሰደን፤ እሱ ከግማሹ በኋላ ተኛ። ስንወጣ «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ ደመደመ። ይኼ እንግዲህ ዘመኑን የኖረበት ሰው አስተያየት ነው። እኔም ፊልሙን ንቄዋለሁ። መኪና ቦይ ዘልላ ስታርፍ ጎማዋ አይተነፍስም፤ ሾፌሩ ሦስቴ ተገልብጦ ፀጉሩ አይበላሽም።

ይሁን፤ እነሱስ ቢያንስ ሠርተውታል። እናንተስ? ፊልሙ በአማርኛ ተተርጉሞ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ገብቼ አስተያየታችሁን አነበብሁ። አነበብሁና ከኢሚግሬሽኑ ሹም ጋር ታረቅሁ። አንዱ «ሁሉም አንድ ሰው ነው የሚመስሉኝ» ይላል። ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ጋር የሚሠሩትን ናይጄሪያዊውንና ጋናዊውን ሳጃንግ በእኔ ስም እንደሚጠራቸው ቢያውቅ ወንድሙን ያገኝ ነበር። ሞላ ደግሞ ከባጃጁ ላይ ሆኖ «ዳይሬክተሩ መጥቶ የዓባይ ድልድይን የጠዋት ግፊያ ይቅረጽ፤ ያለ ክፍያ እናሳየዋለን» ብሏል። በእኔ ላይ የተሰጠውንም አየሁ። «ያ የሚሮጠው ሰውዬ ሐበሻ ይመስላል» ሲል አንዱ፣ ሌላው «ሐበሻ ቢሆንማ ይሮጥ ነበር» ብሎ መለሰለት። ለዚህኛው ብዙ ሰው ስቆለታል።

የሁሉ ቁንጮ ግን ፊልሙን በአማርኛ የሚተርከው ሰውዬ፣ ተራኪው ነው። ፊልሙ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ 1988 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ የእነሱ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ በእኛ ሰማንያ። ተራኪው ያንን ቁጥር አይቶ፣ ድምፁን ከደረቱ አውጥቶ «ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው» ይላል። ዓመተ ምሕረት! ስምንት ዓመት በአንድ ትንፋሽ ዋጠ። እናንተም ተከትላችሁ ገባችሁ። «በ88 እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ መኪና ነድቻለሁ» ያለ አለ። «ኮሪያ በ88 ከእኛ ታንስ ነበር ማለት ነው» ብሎ በዚያች ስሕተት ላይ የአገር ዕድገት ትንታኔ የሠራም አለ፤ አንጀት በሚያቃጥል ርዝመት። ሰባት ስምንት መቀነስ የማይችል ሕዝብ ስለ ዕድገት ሲተነትን ዝም ብዬ አነበብሁ።

ያኔ ስቄ ነበር። ሳቁ ወደ እኔ ቤት እንደሚመጣ አላወቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከሄድሁ ጀምሮ ፊቴን አላየችም። የአካባቢያችን ኢንተርኔት ሲጠፋ ሲመጣ፣ ሲመጣም ድምፅ እንጂ ምስል አያሳልፍም። ፎቶ ብልክላት ደግሞ አታይም፤ «ፎቶው የሚታየው የሞተ ሰው ነው» ትላለች። በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሆነ። ከዘጌ የሚመጡት የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ነፍሱን አታንገላቺው» ብለው ለምነዋት፣ በስንት ዓመቷ የአባቴን ተዝካር ለማውጣት እሺ አለች። ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ፣ ጌሾው ተገዛ። እኔ በስልክ ሰምቼ አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን በር በሩን ሲያይ መኖር የለበትም። ታዲያ በዚያ ሐዘን ውስጥ ስትገባ፣ ቢያንስ እኔ በሕይወት መኖሬን፣ እግሬ እንደሚሮጥ በዓይኗ ትይ ብዬ ተመኘሁ። ኮሌጅ ጸሐፊ የሆነችውን ታላቅ እህቴን አትጠገብን ፊልሙን በፍላሽ አግኝታ እንድታሳያት ለመንኋት። «ቀድመሽ አትንገሪያት፣ ድንገት ትየኝ» አልኋት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደወልሁ። ያነሳችው አትጠገብ ናት።

«አየች?»

«አየች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።»

«ምን አለች ታዲያ?»

«ራሷን አናግራት» አለችና ስልኩን ሰጠቻት።

እናቴ ሰላምታ እንኳ አላቀደመችም። «አየሁት» አለችኝ።

ልብ በሉ፤ «አየሁህ» አላለችም።

«እኔ ነኝ እኮ እማ።»

«አንተማ ይኸው ታናግረኛለህ። እኔ የምልህ አባትህን ነው።»

«አትጠገብ አልነገረችሽም? እኔ ነኝ ፊልሙ ላይ ያለሁት። ፀጉሬ አድጎ ነው።»

«ነገረችኝ። ሰውዬው ግን ሰማንያ ስምንት ነው አለ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሰማንያ ስምንት አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርህ።»

«እማ፣ ተራኪው ተሳስቶ ነው። የፈረንጅ ዓመት ነው፣ በእኛ ሲመለስ...»

«አትጠገብም እንደዚሁ ቁጥር ስትደምር ስትቀንስ ዋለች። ሌላውን ዓመት ልሳሳት እችላለሁ፤ እሱን ዓመት እኔ እሳሳተዋለሁ? ጎፈሬውስ? ዞር ብሎ ሲያየኝ ያ ዓይኑስ? እሱም የፈረንጅ ነው?»

 ለአከራዬ፣ ለሹሙ፣ ለዳይሬክተሩ፣ ለእናንተም ለሁላችሁ መልስ ያላጣሁ ሰውዬ፣ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርሁት።

«ለንስሐ አባቴ መልእክት ልኬላቸዋለሁ» አለች እናቴ፤ ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። «ለሕያው ሰው ተዝካር አይወጣም። ጌሾውንም ለጎረቤት ሰጠሁት። ሾፌር ነው አይደል፣ መሪ ይዞ የት አይደርስ። ይኸው አንተ ያለህበት አገር ተገኘ። ትፈልግልኛለህ?»

«እማ...»

«መኪና ሲያባርረው አየሁት። የራሱን መኪና ምን አደረጋት? ካገኘኸው ሌላ ነገር እንዳታወራው። ‹አልተቆጣችም› በለው፤ እሷን ብቻ።»

ልጇን አሳያታለሁ ብዬ ከመቃብሩ አፍ ላይ ባሏን አወጣሁላት። እውነቱን ደጋግሜ ልናገር? ስንት ጊዜ? የሦስት አሥርት ዓመት ተስፋዋን በቁጥር መቀነስ እንዴት አድርጌ ልንጠቃት? «እሺ፣ እፈልገዋለሁ» አልኋት። አትጠገብ ከኋላ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ተራኪውን ዛሬም እንቀዋለሁ። አስተያየት ሰጪዎቹንም። ቴሌግራሙ ላይ ገብቼ «ዓመቱ ሰማንያ ነው፣ እባካችሁ አስተካክሉት» ብዬ ብጽፍ «ከእኛ በላይ ልታውቅ ነው? አንተ የት ነበርህ?» ብለው አሾፉብኝ።

እናቴ አሁን ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። «አገኘኸው?» ትለኛለች። «ገና ነኝ፤ አገሩ ሰፊ ነው» እላታለሁ። ኮሪያ እንዳልሁት ሰፊ እንዳልሆነች ሞላ እንኳ ያውቃል።

ባለፈው እሑድ ልንሰነባበት ስንል «ፀጉርህንስ ትቆረጣለህ?» አለችኝ።

በአንድ እጄ ስልኩን ይዣለሁ፤ ሌላው እጄ ጎፈሬዬ ውስጥ ነበር።

«ከሥሩ ነው የምቆረጠው እማ።»

«ጎሽ» አለች፤ «ከእሱ ጋር እንዳያምታቱህ።»