የሰባተኛው ጉድጓድ ውሃ

እኔ የሰባት ወር ልጅ ነኝ፤ መጠበቅ አልችልም። እግዜር ሲፈርድብኝ ደግሞ ካለው ሰው ሁሉ ቀርፋፋውን መርጦ መኪናዬ ላይ ጫነብኝ። «ቆይ-ቆይ» እንለዋለን። እሱ የጫማውን ክር እስኪያስር ሌላው ሰው ቁርሱን በልቶ ይጨርሳል።

ሥራው ውሃ መመርመር ነው። በድንጋይ ከሰል ማውጫው ዙሪያ አሥራ ሁለት ጠባብ የመለኪያ ጉድጓዶች አሉ። ቁፋሮው የከርሰ ምድሩን ውሃ በክሎት እንደሆነ ለማወቅ በየወሩ እየዞረ ናሙና ይቀዳል፤ ይህን ሥራ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ እነዳለታለሁ።

መቅዳቱ ምን ችግር አለው? ችግሩ ከመቅዳቱ በፊት ያለው ነው። በጉድጓዱ ቧንቧ ውስጥ የቆመው ውሃ የቆየ ነው፤ ዛሬ ከመሬት የሚመጣውን አይናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ በፓምፕ ተስቦ ይደፋል፤ የጨው መለኪያው ቁጥር እስኪረጋ ይጠበቃል። አንዳንዴ ሰዓት ይፈጃል። «እንሂድ እንጂ!» ስለው «ቆይ» ይለኛል። የመኪናውን ጥሩንባ እነፋለሁ። «ቆይ!»

መንገዱ ስለሚያዞረን የምንጨርሰው በሰባተኛው ጉድጓድ ነው፤ ከታላቅ እህቱ አጥር ሥር ያለው። እሷ የምትጠጣው ከግቢዋ ጉድጓድ ነው፤ በሁለቱ ጉድጓዶች መሃል ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ቀን ላቦራቶሪው ሊዘጋብን ሆነ፤ እሱንም ጉልበቱን ያመው ነበር። እኔ ጥሩንባውን ሳላቋርጥ ነፋሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈውም ደህና ነበር፣ ዛሬ ምን ይሆናል?» አልኩት። የቆመውን ውሃ ሳይደፋ ቀዳ። አንዴ ከለመደ ሰው ምን ይመልሰዋል? በሚቀጥሉት ሦስት ወራትም እንደዚያው አደረገ። ውጤቱ በአራቱም ወር «ደህና» ብሎ መጣ፤ ወረቀቱን ራሱ እየወሰደ የእህቱ ወጥ ቤት በር ላይ ይለጥፍላት ነበር።

በአምስተኛው ወር መንገዳችን ላይ ያለው ድልድይ ተዘጋና ከሰባተኛው ጀመርን። ማለዳ ነው፣ የሚያስቸኩል የለም። ፓምፑን አስነሳ። የጨው ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከአምናው ሦስት እጥፍ ሲሆን ረጋ። መለኪያውን አጥቦ ደገመው። ያው ነው። ናሙናው የሚቀመጥበት የበረዶ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

«አራት ወር ሙሉ የቀዳሁት የቆመውን ነው» አለ። «እህቴ አራት ወር ጠጥታዋለች።»

አፌ ግን አያርፍ! «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዛሬ ተበላሸ ብለህ ጻፍ፣ ማን ያውቃል?» አልኩት።

ቅጹ ላይ «ያለፉት አራት ናሙናዎች ውሃው ሳይደፋ የቀዳኋቸው ናቸው፤ አይታመኑ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከሥራ ሊያስወጣው እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። ስለ እኔ ግን አንድ ቃል አልጻፈም።

እህቱ ልብስ እያጠበች ነበር። ቆሞ ነገራት። እጇን ከገንዳው ሳታወጣ ሰማችው።

«ሳሙናው አረፋ እምቢ ካለኝ ቆየ እኮ» አለች። «ሻዩም ይመረኝ ጀመር። ጎረቤቴ ከውሃ ቦቴ መኪና ትቀዳለች፤ እኔ ሳቅሁባት። በሩን አያለሁ፣ ወንድሜ ደህና ነው ብሏል። የተበላሸው የኔው ምላስ ነው እያልኩ ጠጣሁት።»

ቆይ-ቆይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷ ተነስታ ወረቀቱን ከበሩ ነቀለችና ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የሚለቅመው ሌላ ሰው ሆነ። አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሊጠብቅ ነበር» አልኳት። «ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ጥሩንባው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»