ጋሽ ቱንቢና የጋራው ግድግዳ

አባቴን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጋሽ ቱንቢ እያለ ነው የሚጠራው። ቱንቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲቀልዱም ጋሽ ቱንቢ ካልጋ ሲነሳ እንኳ መጀመሪያ ቀጥ ማለቱን ለክቶ ነው የሚራመደው ይሉ ነበር። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲደረድር ኖሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሥራው የጠረጠረው ሰው አልነበረም። እኔ ልብስ ሰፊ ልጁ ነኝ። አፌ አይያዝም፤ ይሄን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፣ ኋላ ሲመጣ እንዳትደነግጡ።

ጎረቤታችን ነርስ ናት። አባቷ አናጢ ነበር፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በእኛና በእነሱ ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ ሁለቱ ጓደኛሞች የዛሬ ሠላሳ ዓመት አብረው ነው የሠሩት። ግማሹ እነሱ መሬት ላይ፣ ግማሹ እኛ መሬት ላይ ያረፈ የጋራ ግድግዳ ነው። በእነሱ በኩል የነርሷ ሁለት ሴት ልጆች ይተኛሉ፣ በእኛ በኩል ደግሞ እናቴ። እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ሰባት ወር አልፏታል፤ አልጋዋ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ በጓሮ በኩል ባለው የክፍሉ ማዕዘን ላይ ነው ያለው።

ነርሷ በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል ላስቀጥል ነው ብላ መጣች። ልጆቹ አድገዋል፣ ቤቱ ጠቧል፣ እውነቷን ነው። አዲሱ ግድግዳ ከእኛው ጎን ተለጥፎ ስለሚቆም የእኛ ስምምነት ያስፈልጋል ተባለና የሥራው መሐንዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። መነጽር ያደረገ ጨዋ ልጅ ነው። "በደንቡ መሠረት ከግድግዳው ሥር አንድ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍረን የመሠረቱን ጥልቀት ማየት አለብን" አለ።

ቆፋሪዎቹን የሚመራው ፎርማን ሊውጠው ደረሰ። ፎርማኑ ሙያውን የተማረው ከአባቴ እጅ ነው። "በጋሼ ግድግዳ ላይ? ኧረ ነውር ነው! ይሄማ ሰውየውን መሳደብ ነው። ጠይቃቸውና ጻፍ፣ አለቀ።"

መሐንዲሱ ፊቱ ቀላ፤ ይቅርታ ጠይቆ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ "አንድ ሜትር ከሃያ" አለ። ልጁ ጻፈ። ነርሷ "እኔማ ድሮም ጋሼ ካለ ምን አስጨነቀኝ" ብላ ሳቀች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ አይዋሽም።

ከዚያ ጠቡን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ችካል ሲተክሉ ሲባጎው ወደ እኛ አንድ ስንዝር የገባ መሰለኝ። የልብስ መለኪያ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወጣሁና እዚያው ተንበርክኬ ለካሁ። "እንኳን ስንዝር፣ የመርፌ ቀዳዳ ታክል አልሰጥም!" አልኩ። ነርሷም ዋዛ አይደለችም፤ "ያንቺ ሜትር ለቀሚስ ነው፣ ለመሬት አይሆንም" አለችኝ። ተበሻሸቅን፣ ተሰዳደብን፣ ካርታው ወጣ፣ ቀያሽ ተጠራ። ያ ሁሉ ሲሆን አባቴ በር ላይ ቆሞ "ተይ ልጄ፣ ይቅር፣ ስንዝሩን ስጫት" ይለኛል። ደሜ ፈላ። ዕድሜው አባቴን ፈሪ አደረገብኝ ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ። ቀያሹ ለክቶ ሲባጎው ልክ ነው አለ፤ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቁፋሮው የተጀመረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዲጂኖው መሬቱን በመታ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ጀመር። እማዬ "ነርሷ ሰው ብቻ የምትወጋ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ቤቱን እየወጋችው ነው" አለች። ሳቅን። ቀና ስል ግን ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ክር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። ትናንት አልነበረችም።

አባቴን ጠራሁት። አየና ሄዶ ጀሶ በጥብጦ መጣ። ስንጥቋ ላይ አንድ ጣት ያህል ለጥፎ በመዳፉ አለሰለሰው። ይሄን ሥራውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፦ ጀሶ ከደረቀ አይለጠጥም፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ እሱም ይሰነጠቃል። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ቁርስ ሳቀርብለት እንዳቀረብኩት ቀረ። እማዬ "ምነው፣ ፊልም ነው እንዴ የምታየው?" ብትለው እንኳ ዓይኑን ከጀሶው አልነቀለም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ጀሶው ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፈለ።

"እናትሽን እናውጣት" አለኝ።

ከነፍራሿ ተሸክመን ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስተኛናት። እማዬ እየተራገመች፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ። ሲያበቃ አባቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ከወዲያ በኩል የቆፋሪዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ሦስቱም ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፣ አንደኛው የሆነ ነገር አውርቶ ሁለቱ ይስቃሉ። ያኔ ነው ነገሩ አልዋጥ ያለኝ።

"አባዬ፣ መሠረቱ አንድ ሜትር ከሃያ ከወረደ እነሱ ገና ሜትር ሳይሞሉ ግድግዳው ለምን ይሰነጠቃል?"

ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ።

"አባዬ!"

"ማዕዘኑ ጋ አይወርድም" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "ያን ጊዜ ዝናብ ነበር። የቆፈርነው ውሃ ይሞላል፣ አፈሩ ይናዳል። ሁለታችንም ሰለቸን። አርባ ሳንቲም ላይ ድንጋይ ጣልንበት። በበጋ እናስተካክለዋለን አልን። በጋ መጣ፣ ሌላ ሥራ መጣ፣ ግድግዳው ተለሰነ። ከዚያ ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ሜትር ከሃያ እላለሁ። ስደጋግመው እኔም አመንኩት መሰለኝ። ስንዝሩን ስጫት ያልኩሽ ግን ይሄ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው።"

"ሰዎች አሉ እኮ ጉድጓዱ ውስጥ!"

"አውቃለሁ። ምሳ ሲወጡ ነርሷን ለብቻዋ ጠርቼ… የሆነ ምክንያት ፈልጌ አስቆማታለሁ።"

አባቴን በሕይወቴ ተቆጥቼው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ጮህኩበት። "የራስህን ሰው አወጣህ! እማዬ ወጣች፣ እኔ ወጣሁ፣ አንተ ወጣህ! ለእነዚያ ልጆች እናቶች ማን ሄዶ ሊነግርልህ ነው? እኔ? ጋሽ ቱንቢ ስሙ እንዳይበላሽ ምሳ ሰዓት ይጠብቅ ነበር ብዬ ልንገራቸው?"

እማዬ ከፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ "ሂድ" አለችው።

ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ወጣ። ተከተልኩት። ነርሷ፣ ፎርማኑና መሐንዲሱ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመዋል። ፎርማኑ ሲያየው ፊቱ በራ። "ጋሼ፣ ሊመርቁን መጡ?"

"አስወጣቸው" አለ አባቴ። "ግድግዳው አንድ ሜትር ከሃያ አይወርድም። እዚህ ማዕዘኑ ጋ አርባ ሳንቲም ነው። ዋሽቻችኋለሁ።"

ማን ይመነው! ፎርማኑ ሳቀ። "ጋሼ ይተዉ እንጂ፣ የእርስዎን ግድግዳ እኔ አላውቀውም?" ነርሷ ተጠግታ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ከታች ሆኖ "በርስዎ ግድግዳ ሥርማ ብንተኛም አንፈራ" አለና ዲጂኖውን መልሶ አነሳ። አርባ ዓመት ያተረፈው ስም ሦስት ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይዞ አላስወጣ አለ። እኔም "እውነቱን ነው፣ ውጡ!" ብዬ ጮህኩ፤ ያቺ ተደባዳቢ ደግሞ መጣች በሚል ዓይን አዩኝ።

አባቴ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ዘሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ዲጂኖውን ከቆፋሪው እጅ ነጠቀና ማዕዘኑ ሥር ድንጋዩን ሸፍኖ የቀረውን አፈር ሁለት ጊዜ ፈነቀለ። ከዚያ ተንበረከከና እጁን ከድንጋዩ በታች ሰደደ። ድንጋይ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ጭቃ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ገባ። ቀና ብሎ ፎርማኑን አየው። ፎርማኑ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!"

ሦስቱ ተፈናጥረው ወጡ። አባቴ ግን ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ፎርማኑ በደረቱ ተኝቶ በብብቱ ይዞ ጎተተው፣ እኔ በቀበቶው ያዝኩ፣ ነርሷ በክንዱ። ስናወጣው ነጠላ ጫማው እታች ቀረ። መሐንዲሱ "ድጋፍ እንጨት! ቶሎ!" እያለ ይጮሃል። እንጨቱ ሳይደርስ ማዕዘኑ ቁልቁል ተንሸራተተ። የጮኸ ነገር የለም፤ ድንጋዮቹ ተራ በተራ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ፣ አቧራው ሸፈነን።

አቧራው ሲገፈፍ ከነርሷ ጓሮ ሆኜ የእኛን መኝታ ቤት አየሁት። የእማዬ አልጋ ብረቱ ታጥፎ ድንጋይ ተከምሮበታል።

ነርሷ አልጋውን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ አባቴን አየች። "አባቴም ያውቅ ነበር?" አለችው።

"ያውቅ ነበር።"

"ልጆቼ ከዚህ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ነው እኮ ያደጉት፣ ጋሼ" አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። የተሰዳደብነውን ሁሉ ረሳሁ፤ አቀፍኳት። አባቴ ሊጠጋት ሲል እጇን ዘርግታ ከለከለችው። እስካሁንም ሰላም ብትለው ከሩቅ ነው።

ወሬ እግር አለው፤ ከመምሸቱ በፊት ሰፈሩን አዳረሰ። በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ሰው ቆሞ አገኘሁ። የኔ ደንበኛ የሆነች ሴትዮ፣ ከኋላዋ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከእሱ ኋላ ሌላ ሁለት። ሁሉም ቤታቸውን አባቴ የሠራላቸው ናቸው። ለመናገር አፍረው አንዱ ሌላውን ያያል። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት አባቴ ዲጂኖና አካፋ ይዞ ከጓሮ መጣ። ማንንም ሳይጠይቅ "ካንቺ እንጀምር" አላት ሴትዮዋን።

አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን እንዲሄድ አንጀቴ አልቻለም። ከሴትዮዋ ግድግዳ ሥር ራሱ ቆፈረ፤ ፎርማኑ መጥቶ ላግዝዎት ቢለው አፈር ማውጣቱን ብቻ ፈቀደለት። ሲሠራ ዋለ። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድንጋዩ መጨረሻ ታየ። ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከሃያ አምስት።

ሴትዮዋ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች። "ይቅር በለኝ ጋሼ። እኔ እኮ አንተን ጠርጥሬ አይደለም…"

አባቴ እስከ ደረቱ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

"ጠርጥሪኝ" አላት። "አክብረውኝ ስላልጠረጠሩኝ ነው ሦስት ሰው ልገድል የነበረው። ነገም ሌላው ሲመጣ ይጠርጥረኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ። "አውጪኝና ወደ ዳቦ ጋጋሪው እንሂድ፤ ሳይመሽ እንጀምረው።"